በባሕር ኃይሉ በር ላይ የተጣደ ድስት

በደሴታችን በቪዬከስ የሴኖቪያን ሸርጣን ሳይቀምስ ያደገ ልጅ ካለ እናቱ ትጠየቅበት። ይህን የምለው የበኩር ልጇን ክርስትና ስላነሳሁ አይደለም። አበልጅ ለአበልጁ ቢያዳላ ወግ ነው፤ በሸርጣን ግን አላዳላም። ስሜ ቶሪቢዮ ነው፣ ዓሣ አጥማጅ ነኝ፣ ባሕር ውስጥ የሚዋኘውን ሁሉ ቀምሻለሁ። ከየብስ ሸርጣን የሚበልጥ አላገኘሁም፤ ከየብስ ሸርጣንም የእሷን የሚስተካከል የለም።

የየብስ ሸርጣን ሆዳም ነው። ያገኘውን ይበላል፤ ቅጠል፣ ጭቃ፣ የሞተ እንስሳ፣ ወንድሙንም ጭምር። ስለዚህ እኛ ዘንድ ሸርጣን በተያዘበት ቀን ድስት አይገባም። እንዲያ የሚያደርግ ሰው ወይ ባለጌ ነው ወይ ቱሪስት ነው። ከመሬት ከፍ ተደርጎ በተሠራ የጣውላ በረት ውስጥ ይታጎራል፣ ጠዋትና ማታ ውሃ ይደፋበታል፣ ሆዱ እስኪጠራ ድረስ በቆሎና ኮኮናት ብቻ ይቀለባል። ሌላው ሰው ሁለት ሳምንት ሲያቆይ ሴኖቪያ ሦስት ታቆያለች። አንድ እሁድ ትንሽ ሞቅ ብሎኝ በደጇ ሳልፍ በረቱን እያሳየች፣ «አበልጄ፣ አንተንም እዚህ አስገብቼ በቆሎ ብቀልብህ ሰው ትሆን ነበር» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ በሙሉ «በረት ግባ» እያለ ይቀልድብኛል።

«የኔ በቆሎ ያላጠራው ነገር የለም» ትላለች። ይህ አነጋገር መታወቂያዋ ነበር። ለሰርግም፣ ለክርስትናም፣ ለሙታን ጸሎትም የእሷ ሩዝ በሸርጣን ካልቀረበ ድግሱ ድግስ አይባልም።

ሸርጣኑ የሚመጣው ከምሥራቅ ነው። ባሕር ኃይሉ በአባቶቻችን ዘመን ከባሕር ማዶ መጥቶ የደሴቲቱን ሁለት ጫፎች ወሰደ፤ ምዕራቡን የቦምብ መጋዘን አደረገው፣ ምሥራቁን የቦምብ መጣያ አደረገው፣ እኛን መሃል ላይ ጠቀጠቀን። ተኩስ በሌለበት ቀን በሩን ይከፍትልናል፤ እኛም ማዳበሪያ ከረጢት ይዘን በገዛ መሬታችን ላይ ሸርጣን ለመያዝ እናመሰግነዋለን። ማመስገናችን ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል። ከሁሉም የሚወፍረው፣ ቦምቡ ከሚወድቅበት ሐይቅ አጠገብ በማንግሮቭ ዛፍ ሥር የሚኖረው ሸርጣን ነው። ሰው ስለማይደርስበት ነው የሚወፍረው እንል ነበር። ምን እየበላ እንደሚወፍር የጠየቀ አልነበረም።

ባሏ አናስታስዮ የባሕር ጓደኛዬ ነበር። አንድ ዓመት መረብ ሲጎትት ጎኑን እየያዘ መቀመጥ ጀመረ። የጉበት ካንሰር ነው አሉ። ደሴታችን ላይ ለዚህ የሚሆን ሐኪም ስለሌለ በመሻገሪያ ጀልባ ወደ ትልቁ ደሴት እየተመላለሰ፣ በሄደ ቁጥር እየቀለለ ተመለሰ። ኋላ ምግብ አልወርድ ሲለው ሴኖቪያ የሸርጣን ሾርባ ትሠራለት ጀመር። ሥጋውን ፈጭታ፣ በኮኮናት ወተት አቅጥና፣ በማንኪያ ታጠጣዋለች። ለእሱ ስትል የምትመርጠው ከሐይቁ ዳር ያሉትን ወፋፍራሞቹን ነበር። እኔ ጀርባውን ደግፌ፣ እሷ «አንድ ማንኪያ ብቻ ለእኔ ስትል፣ አንድ ደግሞ ለልጁ» እያለች፣ እስከ መጨረሻው ያንን ጠጣ። በቀብሩ ማግስት ሴቶቹ ሲያጽናኗት፣ «ቢያንስ ከእጄ ሳይበላ አልሄደም» አለች። በዚያ ቃል ነው ሐዘኑን የቻለችው።

ከዚያ ያ ክፉ ሚያዝያ መጣ። አንድ አውሮፕላን ዒላማውን ስቶ የጣለው ቦምብ የራሳችንን ልጅ፣ በዘበኝነት የቆመውን፣ ገደለው። ያን ጊዜ ደሴቲቱ በቃኝ አለች። በጀልባዎቻችን እየጫንን ሰው ወደ ተኩሱ ሜዳ አስገባን። ሰው እያለ ቦምብ መጣል ስለማይችሉ፣ ድንኳን ተክለን በቦምብ ፍንጣሪ መሃል መኖር ጀመርን። የአንዱን ድንኳን ካስማ የመታነው ባልፈነዳ ቦምብ አጠገብ እንደሆነ ያወቅነው በሦስተኛው ቀን ነው፤ ሰውየው ካስማውን ሳይነቅል ትቶት ሄደ።

ሴኖቪያ ያን ጊዜ ስድሳን አልፋለች። ድስቷን ይዛ መጣች። «ልትታሰሪ ነው?» ብላት፣ «ልታሰር ሳይሆን ልቀልባችሁ ነው የመጣሁት፤ በባዶ ሆድ ጀግና ሲሆን አይቼ አላውቅም» አለች። የሰፈሩ ጎረምሶች ከሐይቁ ዳር ሸርጣን ያመጡላታል፣ ከጥይት ሳጥን ጣውላ በሠራነው በረት ታጉራለች፣ በቆሎ እኔ በጀልባ አመጣለሁ። በዚያ ሜዳ እንደዚያ ዓመት ጠግቤ አላውቅም።

የካምፑ መሪ ናይዳ የምትባል የትምህርት ቤት አስተማሪ ነበረች። ልጅ ናት፤ ግን አንገቷን አትደፋም። ከዩኒቨርሲቲ ሰዎች አስመጥታ ከአፈሩም፣ ከሣሩም፣ ከሸርጣኑም ለምርመራ አስወሰደች። ውጤቱ ሲመጣ ናይዳ ወደ ድስቱ መጥታ ቆመች፤ እኔ እንጨት እየፈለጥኩ ነበር።

«ዶኛ ሴኖቪያ፣ ሸርጣኑን ማብሰል ማቆም አለብን» አለች፤ ዶኛ እኛ ዘንድ እትዬ እንደማለት ነው።

«ምነው፣ ጨው በዛበት?»

«እርሳስና ካድሚየም የሚባሉ መርዛማ ብረቶች ተገኝተውበታል። ብዙ።»

ሴኖቪያ ማማሰያዋን አላቆመችም። «ከየት ነው የወሰዱት?»

«ከሐይቁ ዳር።»

«እንግዲያውስ። ከጭቃ የወጣ ሸርጣን ምን ሊገኝበት ነበር፣ ሽቶ? ከበረቴ ይውሰዱና ይዩ።»

«ከበረቱም ወስደዋል። ሦስት ሳምንት የሞላቸውን።»

«እና?»

«ያው ነው። ሆዱ ውስጥ ያለ ቆሻሻ ቢሆን በቆሎው ያወጣው ነበር። ይኼ ግን ብረት ነው፣ ሥጋው ውስጥ ገብቷል። የሚያወጣው ነገር የለም።»

ሴኖቪያ ዞር ብላ አየቻት። «እናትሽን ያሳደገ ሸርጣን ነው ይኼ። አንቺንም። ደህና አድርገሽ የምትናገሪበትን አፍ የሰጠሽ እሱ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ዶኛ ሴኖቪያ…»

«ታዲያ ካወቅሽ ሂጂና ቦምቡን አስቁሚ፣ ድስቴን ልቀቂ።»

ናይዳ ትታት ሄደች። እኔ ወደ እንጨቴ ተመለስኩ። ሰው ሁሉ ሴኖቪያ የተቆጣችው ለሙያዋ መሰለው። እኔ ግን የአናስታስዮን ጀርባ የደገፍኩት ሰው ነኝ። ሸርጣኑ መርዝ ከሆነ ማንኪያውን ማን እንደያዘው አውቃለሁ። እሷም ታውቃለች። እንዴት ብላ ትመን?

በዚያው ሰሞን ባሕር ኃይሉ በጋዜጣ መግለጫ አወጣ። የደሴቲቱ ሸርጣን ጤናማ ነው፣ ሕዝቡም ዕድሜውን በሙሉ ሲበላው ኖሯል፣ ካንሰር የበዛው ሰዉ ስለሚያጨስ ነው፣ ይላል። የአብዬን ወደ እምዬ! እኔ አናስታስዮ ሲያጨስ አይቼ አላውቅም። ከሁሉ ያበሸቀኝ ግን ሴኖቪያ መግለጫውን አስነብባ በመስማማት ራሷን መነቅነቋ ነው። «እነዚህ ሰዎች በሕይወቴ እውነት ሲናገሩ ያገኘኋቸው ዛሬ ነው» አለች። ከዚያ ከጠላቷ ጋር መስማማቷ ራሷን አናደዳትና ቀኑን ሙሉ ድስት ስትፈትግ ዋለች።

በሚቀጥለው ግንቦት መሣሪያ የያዙ ፖሊሶች በመርከብ መጥተው ሁላችንንም እየለቀሙ ከሜዳው አወጡን። ድንኳኑንም፣ እዚያ የሠራናትን የጸሎት ቤትም፣ በረቱንም በቡልዶዘር ጠረጉት። ቦምቡ እንደገና ተጀመረ። ቤቴ ውስጥ ሳህን ሲንቀጠቀጥ ስሰማ ጥርሴን ከመንከስ በቀር የማደርገው አልነበረኝም። ሰዉ ታዲያ ትግሉን ወደ በሩ አዞረው። በየቀኑ የባሕር ኃይሉ በር ላይ ተቀምጠን የጭነት መኪና እንዳያልፍ እናደርጋለን፤ ያነሱናል፣ እንመለሳለን።

አስፋልቱ ላይ ነጭ መስመር አለ። ከመስመሩ ወዲህ የማዘጋጃ ቤት፣ ወዲያ የባሕር ኃይሉ። ወዲህ ብትጮህ ዜጋ ነህ፣ አንድ እግርህ ወዲያ ካለፈ ወንጀለኛ ነህ።

ናይዳ ነች ሐሳቡን ያመጣችው። ከሴኖቪያ ጋር ታርቃ ነበር፤ ማለትም ሴኖቪያ እንዳልተጣሉ ሆና ታናግራት ነበር።

«መግለጫቸው ሸርጣኑ ጤናማ ነው ይላል አይደል?» አለች ናይዳ። «እንግዲያው በራቸው ላይ እናብስልላቸው። መኮንኑን ጠርተን ብላ እንበለው። ጋዜጠኞች ባሉበት። አይበላም። አለመብላቱ ይበቃናል።»

«ማን ነው የሚያበስለው?» አለች ሴኖቪያ።

ሁላችንም እሷን አየን።

«ከጭቃ ያልጠራ አላበስልም» አለች። «ለጠላቴም ቢሆን። ሦስት ሳምንት ጠብቁ።»

ስንሄድ ለብቻዬ ያዘችኝ። «ይህቺ ልጅ ብልጥ ነኝ ብላለች» አለችኝ። «ሰውየው ካልበላ እነሱ ያፍራሉ። ከበላ ደግሞ የኔ በቆሎ እንደሚያጠራ ዓለም ያያል። በየትኛውም ብትሄድ እኔ አልከስርም።»

«ከበላማ ባሕር ኃይሉ አሸነፈ ማለት ነው፣ አበልጄ።»

«አይበላም» አለች፣ ቶሎ ብላ። የቱን እንደምትፈልግ ራሷም የምታውቅ አልመሰለኝም።

ቀኑ ደርሶ ሴኖቪያ በሩ ላይ ሦስት ጉልቻ አስቀመጠች። ሁለቱን ከነጩ መስመር ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ። ናይዳ «ዶኛ ሴኖቪያ፣ ያኛው አልፏል» ብትላት፣ «ድስት በሁለት ጉልቻ አይቆምም» አለች። እሳቱ ነደደ፣ የኮኮናቱና የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ ዘበኞቹ ድረስ ሄደ። ከውስጥ ሦስት የጭነት መኪናዎች መጥተው ቆሙ። ሾፌሮቹ ጡሩምባ ነፉ፤ እኛ ሳህን እንደ ከበሮ መታን።

መኮንኑ ወጣ። አዲስ ነው። በየዓመቱ አዲስ ይልካሉ፣ ሁሉም የመልካም ጉርብትና ንግግር ያደርጋል፣ ለልጆች ከረሜላ ይበትናል፣ ቦምቡ ያው ነው። ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም። ከኋላው ደረቱ ላይ ስሙ የተጻፈበት ወጣት መርከበኛ ይከተለዋል፤ አስተርጓሚው ነው። ፊቱን ስናይ የኛው ዘር መሆኑን አወቅን። ከሰዉ መሃል አንዱ «ባንዳ!» አለ። ልጁ እንዳልሰማ ሆነ።

ናይዳ ጋዜጣውን ከፍ አድርጋ መግለጫውን አነበበች። ሴኖቪያ ሳህኑን ሞላች፤ ሩዙን አስቀድማ፣ ትልቁን የሸርጣን ጥፍር ከላይ አድርጋ፣ ለሰርግ እንደምታቀርበው። መስመሩ ድረስ ሄዳ በሁለት እጇ ዘረጋችለት።

«ይብሉ፣ ጌታዬ» አለች። «ጤናማ ነው ብላችኋል።»

ልጁ ተረጎመ። መኮንኑ ፈገግ አለና ብዙ ነገር ተናገረ። ልጁ ወደ ሴኖቪያ ዞሮ፣ «ስለ ግብዣው ያመሰግናሉ፣ ዶኛ። የባሕር ነገር ሰውነታቸው ላይ ሽፍታ ያወጣባቸዋል» አለ።

ሰዉ በሳቅ አውካካ። «የየብስ ነው እኮ!» አለ አንዱ። ናይዳ ለካሜራው እያሳየች፣ «አያችሁ? አይበላም» አለች። አሸነፍን ብዬ ባርኔጣዬን ላወልቅ ስል መኮንኑ እጁን አነሳ፤ ገና አልጨረሰም። ጣቱን ወደ ልጁ እየጠቆመ የሆነ ነገር አለ። ልጁ ይህን አልተረጎመም።

«ምን አለ?» አለች ሴኖቪያ።

«እኔ እንድበላ ነው ያሉት» አለ ልጁ። «ይህ መርከበኛ የዚሁ አገር ልጅ ነው፣ ስለ ባሕር ኃይሉ ሆኖ ይበላል፣ ብለዋል።»

ሳቁ ቆመ። ይህን ማን አስቦት? ባለ ካሜራዎቹ ቀረብ ቀረብ አሉ። ከኋላችን «ይብላ! ይብላ ባንዳው!» የሚል ጩኸት ተነሳ። ልጁ ጓንቱን አወለቀ፣ ኪሱ ውስጥ ከተተ፣ ሳህኑን ከሴኖቪያ እጅ ተቀበለ።

«ስምህ ማነው?» አለችው።

«ኤድጋርዶ።»

«ከየት ነህ?»

«ከትልቁ ደሴት፣ ከማውናቦ፣ ዶኛ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባያዙኝም እበላው ነበር። ሽታው ከጠዋት ጀምሮ ሲያስቸግረኝ ነው የዋለው። በምን ቀለቧቸው?»

«በበቆሎ። በኮኮናት።»

«እናቴም በበቆሎ ነው» አለ ልጁ። ጥፍሩን በሁለት ጣቱ አዙሮ፣ ሳይሰባበር፣ እኛ እንደምንሰብረው ሰበረው። «ከጠራ በኋላ ምንም አይልም ትላለች።»

የሴኖቪያ ፊት ላይ የሆነውን ያየሁት እኔ ብቻ መሰለኝ። ሥጋው ከንፈሩ ሊደርስ ሲል እጁን መታችው። ሳህኑ ተገለበጠ፤ ትኩሱ ሩዝ ደረቱና እጁ ላይ ፈሰሰ፣ ጥፍሩ አስፋልቱ ላይ ወድቆ ተንከባለለ።

«አትብላ» አለች።

ጮኻ አልነበረም የተናገረችው። ልጁ የተቃጠለ እጁን ይዞ አያት። «ለምን?» አላት። መኮንኑም ጠየቀ፣ ጋዜጠኞቹም ጠየቁ፣ ናይዳም «ይናገሩ፣ ዶኛ ሴኖቪያ፣ ለምን እንደሆነ ይንገሯቸው!» አለች። አበልጄ አፏን ከፈተች፣ ዘጋችው። ልትመታው ስትራመድ መስመሩን አልፋ ስለነበር ወዲያውኑ በካቴና አሰሯት። ጉልቻዋንም ለማስረጃ ብለው ወሰዱት፤ አንዱን፣ ያለፈውን።

በማግስቱ ጋዜጣው የጻፈው ይህን ነው፦ ባሕር ኃይሉ ለመብላት ፈቃደኛ ነበር፣ ምግቡን የነፈገችው ተቃዋሚዋ ራሷ ናት፣ አንድ መርከበኛም በትኩስ ምግብ ተቃጥሏል። ወረቀቱን ጨምድጄ ጣልኩት፣ መልሼ አንስቼ አነበብኩት፣ መልሼ ጣልኩት።

በዋስ ስትወጣ የጠበቃት ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። የራሳችን ሰዎች ናቸው የተቆጧት። ካልበላ እናሸንፍ ነበር፣ በልቶ ቢታመምም እናሸንፍ ነበር፣ ምነው እጇን በሰበሰበች ይላሉ። በልቶ ቢታመም! አንዱን ዓሣ አጥማጅ ለዚህ አፉ በጥፊ ልለው ምንም አልቀረኝም። መኮንኑን የሚለው አጥቶ አሮጊቷን ይራገማል፤ አህያውን ፈርተው ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ሸርጣን የሚገዛትም ጠፋ። ግማሹ «ራሷ አትብላ ካለች ለምን እንበላለን?» ይላል፣ ግማሹ ኩርፊያ ነው። ለሰርግ ያዘዟት ሰዎች ልጅ ልከው ይቅርብን አሏት።

ልጠይቃት ስሄድ በረቱ ላይ ውሃ እየደፋች አገኘኋት። ሸርጣኖቹ እንዳሉ ናቸው፤ ጊዜያቸው ካለፈ ቆይቷል።

«ለምን ትቀልቢያቸዋለሽ?» አልኳት።

«ምን ላድርጋቸው?»

«ልቀቂያቸው።»

«ሄደው ያንኑ ሊበሉ?» አለች። ባልዲውን አስቀመጠች። «ሁሉም ለምን መታሽው ይለኛል። አንተ አትጠይቀኝም?»

«እኔ አልጠይቅሽም፣ አበልጄ።»

«ደግ አደረግህ» አለችና ወደ ቤት ገባች። በሩን አልዘጋችውም፤ እኔ ግን አልተከተልኳትም።

ፍርድ ቤቱ በትልቁ ደሴት፣ ሳን ሁዋን ነው። በጀልባ ተሻግረን፣ በአውቶቡስ ተሳፍረን፣ በገዛ አገራችን በእንግሊዝኛ ልንዳኝ ሄድን። ዳኛው ከመጀመሪያው ቀን ወስኗል፦ ስለ ቦምብ፣ ስለ በሽታ፣ ስለ መርዝ የሚናገር የለም። ጥያቄው አንድ ነው፤ መስመሩን አልፈሃል ወይስ አላለፍክም? ከእሷ በፊት የቀረቡት ሁሉ ሞከሩ። አንዷ እናት የልጇን ፎቶ አወጣች፣ መልሺው ተባለች። አንድ ቄስ ስለ ሙታን ጀመረ፣ ተቀመጥ ተባለ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ ጉልበቴን እየጨበጥኩ የሰው መናገር እንዲህ የሚቆረጥበት ቦታ አይቼ እንደማላውቅ አስብ ነበር።

ጠበቃችን ደግ ሰው ነው፣ ያለ ክፍያ ነው የሚቆምልን። ኮሪደሩ ላይ ሴኖቪያን አስቀምጦ ነገራት። ከሳሹ ተስማምቷል። ምግቡ ምንም አልነበረበትም፣ መርከበኛውን የመታሁት ተናድጄ ነው ካለች የድብደባው ክስ ይነሳል። የሚቀረው የመስመሩና የጉልቻዋ ነገር ብቻ ነው፣ ለእሱም ቀድሞ የታሰረችው ይበቃል። ያንኑ ቀን ቤቷ ትገባለች።

«ሸርጣኔ ንጹሕ ነው ልበል?» አለች።

«ዘመንዎን ሁሉ ሲሉት የኖሩትን ነው፣ ዶኛ ሴኖቪያ። አዲስ ነገር አይደለም።»

«ጋዜጣ ላይ ይወጣል?»

«ይወጣል። ገበያዎም ይመለሳል።»

ወደ እኔ አየች። ምን ልበላት? በያት ልላት ፈለግሁ። እውነቴን ነው፣ ከልቤ ፈለግሁ። ያቺ አንዲት ቃል ቤቷን፣ ሙያዋን፣ የአናስታስዮንም ማንኪያ ትመልስላት ነበር። ናይዳ ግድግዳው ሥር ቆማ ጥፍሯን ትነክሳለች።

ስሟ ሲጠራ ቆመች። አጠገቧ የፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ፣ መነጽር ያደረገች ሴት፣ ቆማለች። ዳኛው ወረቀቱን አገላበጠና ጠየቀ። መርከበኛው እንዳይበላ የከለከልሽው ለምንድን ነው?

ጠበቃው በእጁ ቀስ እያለች እንድትናገር ምልክት ሰጣት። ሴኖቪያ የልብሷን አንገት አስተካከለች።

«ባሌ ሲታመም ሾርባውን ያጠጣሁት እኔ ነኝ» አለች። «ከዚያው ሸርጣን። በበቆሎ ጠርቷል ብዬ ነበር። አልጠራም። ልጁ ሲያነሳው የአናስታስዮ አፍ ነው የታየኝ። ሁለተኛ ሰው ከእጄ በልቶ እንዲሞት አልፈለግሁም።»

ከኛ ሰዎች መሃል እሷን ሲራገም የከረመው ዓሣ አጥማጅ አንገቱን ደፋ። አስተርጓሚዋ ጉሮሮዋን ጠረገችና በእንግሊዝኛ ደገመችው፤ ሴኖቪያ «ባሌ» ስትል «ባሌ» ብላ፣ «እጄ» ስትል «እጄ» ብላ፣ የራሷ ነገር ይመስል። ዳኛው እስክትጨርስ አልጠበቀም። እርሳሱን አንኳኳ። ጸሐፊዋ መጻፏን አቆመች፣ አንድ ነገር ተጫነች፣ እንደገና ጠበቀች።

«ምን አለ?» አለች ሴኖቪያ።

«ክሱን አይመለከትም ነው የሚሉት» አለች አስተርጓሚዋ፣ ወደ መሬት እያየች። «ከመዝገቡ እንዲሰረዝ አዘዋል። እንዳልተናገሩት ይቆጠራል።»

ሴኖቪያ ዳኛውን አየችው። ቁጣም አልነበረባት፤ ምናለ በተቆጣች።

«እሱስ ሰረዘው» አለች። «እኔ ከየት ልሰርዘው?»

አስተርጓሚዋ ይህንንም ተረጎመችው። ዳኛው ይህም ይሰረዝ አለ።